ንብ ስትታመም ማን ያክማታል?

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ስለሆነ የዚህ ወር ጽሑፌን ከልጆቻችሁ ጋር አብራችሁ ብታነቡት ብዬ አሰብኩ። ስለ ንብ ነው፤ በተለይ ንብ በተባይ ስትያዝ ራሷን እንዴት እንደምትከላከል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ያነሳብኝ አንድ ጎረቤታችን ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጎጃም ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸውም ባለ ቀፎ የነበሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ «እጄ ሥራ ፈታ» ብለው፣ የከተማውን ደንብ ጠይቀው፣ እዚሁ ብሩክሊን ፓርክ ከጓሯቸው ጥግ አንድ ቀፎ አኖሩ። የመጀመሪያውን ብርድ ንቦቹ በደህና ተሻገሩት። ባለፈው ኦገስት ቡና ጠርተውኝ ስሄድ ቀፎው ጢም ብሎ፣ ንቡ ከቀፎው አፍ ላይ ተንዠርግጎ አየሁት።

«ጋሼ፣ የዚህ አገር ንብ አርቢዎች በዚህ ወር መድኃኒት ያደርጋሉ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እርስዎስ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ አባቴ ያን ሁሉ ቀፎ ሲያኖር መድኃኒት የሚባል ነገር መች አየ? ንብ ራሷ ሐኪም ናት!»

ፌብሩወሪ ላይ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም። በረዶውን ጠርገው ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ቢያስጠጉ ጭጭ ብሏል። ከፍተው ሲያዩ ማሩ እንዳለ አለ፤ ንቧ ግን የለችም። ከታች እፍኝ የማይሞላ ሬሳ ብቻ። «ርቧቸው ቢሆን ማሩ አይተርፍም ነበር። ብርዱ ነው እንዳልል አምና ችለውታል። እኔ ነኝ የገደልኳቸው?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳነብና ስጠይቅ ከርሜ ያገኘሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

የነፍሳት ገላ እንዴት ይዋጋል?

የሰው ልጅ ሰውነት ሁለት ዓይነት ጦር አለው። አንደኛው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ነው፤ ባዕድ የመሰለውን ሁሉ ያጠቃል። ሁለተኛው ጠላቱን ለይቶ የሚያውቅና የሚያስታውስ ነው። ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ዳግመኛ የማይያዘው፣ ክትባትም የሚሠራልን በዚህኛው ነው። ነፍሳት ይህ ሁለተኛው የላቸውም። አንቲቦዲ የሚባለውን አይሠሩም። ይሁንና በመጀመሪያው ብቻ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ዓመታት ኖረዋል። እንዴት ቢሉ፣ በሦስት ነገር ነው።

መጀመሪያ ቆዳቸው አለ፤ እንደ ጋሻ የጠነከረ ነው። ተባዩ ወይም ጀርሙ ጋሻውን ጥሶ ከገባ በሰውነታቸው ውስጥ እየዞሩ የሚጠብቁ ሕዋሳት ያገኙታል። ትንሽ ከሆነ ይውጡታል። ለመዋጥ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ተሰባስበው ከበው፣ በላይ በላዩ ተነጥፈው ያፍኑታል። የታፈነውም ነገር ይጠቁራል። ድንች ልጣችሁ ብታስቀምጡት ይጠቁር የለም? የነፍሳት ቁስልም የሚጠቁረው በዚያ ዓይነት የኬሚካል ሥራ ነው። ጥቁሩ ነገር ሜላኒን ይባላል፤ እኛን ጠይም የሚያደርገን ያው ሜላኒን መሆኑ ነው። ለነፍሳት ግን ቁስል ይደፍናል፣ ጠላትንም ይቀብራል።

ሦስተኛው የስብ አካል የሚባለው ነው። ሆዳቸው ውስጥ የሚገኝ ለስላሳ ነገር ሲሆን፣ ለእኛ ጉበትና ስብ የሚሠሩልንን ሥራ አጣምሮ ይሠራል። ስንቅ ያከማቻል፣ መርዝ ያጣራል፣ ጀርም የሚገድሉ ትንንሽ ፕሮቲኖችንም ያመርታል። ይህን የስብ አካል ልብ በሉልኝ፤ የጋሼ ንቦች ነገር ወደ እሱ ይመልሰናል።

ይህ የነፍሳት ነገር ለሰው ሕክምናም ጠቅሟል። ፈረንሳይ ውስጥ ስትራስቡርግ ከተማ ጁል ሆፍማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1996 አንድ ነገር አሳየ። ቶል የተባለው ጂን የተበላሸባት ትንሽ የፍራፍሬ ዝንብ ሻጋታን መቋቋም አቅቷት ትሞታለች። ብዙም ሳይቆይ የዚህ ጂን ዘመዶች በአይጥና በሰው ውስጥም ሥራቸው ታወቀ። ሆፍማን በ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ማድቤታችን ውስጥ ሙዝ ላይ የምታንዣብበው ያቺ ዝንብ ናት እንግዲህ ስለ ገላችን ያስተማረችን።

ወባ አስተላላፊዋ ትንኝም እንዲሁ ትዋጋለች። የወባ ታማሚ ደም ስትመጥ ብዙ የወባ ተሕዋስያን ወደ ሆዷ ይገባሉ፤ አብዛኞቹ ግን የአንጀቷን ግድግዳ ሲሻገሩ ይሞታሉ። በትንኟ ደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ይለጠፍባቸውና እንዲጠፉ ምልክት ይሆንባቸዋል። ችግሩ ጥቂቶቹ ማምለጣቸው ነው። ለሰው የሚተርፈው ከዚያ ከጥቂቱ ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ በዚህ ሰመር አገር ቤት የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ወደ ቆላማ ቦታ የምትወርዱ ከሆነ የወባ መከላከያ ክኒን ለልጆቹም ለእናንተም አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እዚህ የተወለደ ልጅ ወባን ተዋግቶ አያውቅም።

የጋሼን ቀፎ የገባው ማን ነው?

ኤፕሪል ላይ ጋሼ የባዶውን ቀፎ የማር እንጀራ ይዘው ንብ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ሰውየው እንጀራውን ወደ ብርሃን ገልብጦ፣ እጮቹ ያደጉበትን ዓይን ጣሪያ አሳያቸው። ነጫጭ ነጠብጣብ አለበት። «ጨው መሰለኝ» ይላሉ ጋሼ። ጨው አይደለም፤ የቫሮዋ ኩስ ነው።

ቫሮዋ የመዥገር ዘመድ የሆነ ቀይ ቡናማ ተባይ ነው። ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ቢሆን ነው። ለንቧ ግን እኛ ላይ ሰሃን የሚያህል መዥገር ተጣብቆ እንደመኖር ነው። እናቲቱ ተባይ፣ ሞግዚቶቹ ንቦች የእጩን ዓይን በሰም ሊደፍኑት ጥቂት ሲቀራቸው ሹልክ ብላ ትገባለች። ከተደፈነ በኋላ ውስጥ ሆና ትወልዳለች፤ እሷም ልጆቿም በማደግ ላይ ያለችውን ንብ ይመገባሉ። ወጣቷ ንብ ቀዳ ስትወጣ ተባዮቹም አብረዋት ይወጣሉ።

ለብዙ ዘመን ቫሮዋ የንብ ደም ነው የሚመጠው ተብሎ ይታመን ነበር። በ2019 ሳሙኤል ራምዚ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አሳዩ፤ ተባዩ በዋናነት የሚበላው የስብ አካሉን ነው። ይታያችሁ! ስንቁን ይበላል፣ የመድኃኒት ፋብሪካውንም ይበላል። በዚያ ላይ በጉረኖው ቫይረስ ያስገባል። ክንፏ የተጨማደደ፣ መብረር የማትችል ንብ ያየ ሰው የዚያን ቫይረስ ሥራ አይቷል።

አሁን ወደ ሚኒሶታ ብርድ እንምጣ። የበጋ ንብ ስድስት ሳምንት ያህል ኖራ ትሞታለች። በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር የሚፈለፈሉት ግን ሌላ ናቸው። የስብ አካላቸው ዳጎስ ያለ ነው፤ አውራዋን ከበው፣ ገላቸውን እያንቀጠቀጡ እየሞቁ፣ እስከ ስድስት ወር ይኖራሉ። መንጋውን ወደ ኤፕሪል የሚያሻግሩት እነሱ ናቸው። ቫሮዋ ደግሞ የሚበዛው ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በኦገስት ቀፎው ሞልቶ ሲታይ፣ ብርዱን የሚሸከሙት ልጆች ገና ዓይናቸው ውስጥ ሳሉ ስባቸው እየተበላ ነበር። ማሩ የተረፈውም ለዚህ ነው። የሚበላ አልጠፋም፤ የጠፋው በላተኛው ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

የንብ ጂኖች በ2006 ተነበው ሲያልቁ ሳይንቲስቶቹን ያስገረመ ነገር ተገኘ። ንብ ለበሽታ መከላከያ የሚሠሩ ጂኖቿ ከፍራፍሬ ዝንብና ከትንኝ ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ናቸው። በሺዎች ሆና በአንድ ጨለማ ቤት ተጨናንቃ የምትኖር ፍጥረት መከላከያዋ እንዴት ያንሳል?

አንደኛው መልስ፣ ብቻዋን ስለማትዋጋ ነው የሚል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ንቦች እርስ በርስ ተባይ ይለቃቀማሉ። በቀፎው ውስጥ የሻጋታ በሽታ ሲገባ ተባብረው ቀፎውን ያሞቁታል፤ በ2000 የታተመ ጥናት «የመንጋ ትኩሳት» መሆኑን አሳይቷል። እኛ ስንታመም ገላችን እንደሚግለው ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ጽዳት ነው። አንዳንድ ንቦች በሰም ከተደፈነው ዓይን ውስጥ የታመመውን እጭ በሽታው ካልተዛመተ በፊት በሽታቸው ይለዩታል፤ ክዳኑን ከፍተው ጎትተው ያወጡታል። ያን ልጅ ሲያወጡ አብሮት የሚራባው ቫሮዋም ዘሩ ይቋረጣል።

እዚህ ላይ ነው የኛ ሰፈር የሚገባው። ከብሩክሊን ፓርክ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ሴንት ፖል በሚገኘው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሠሩ ማርላ ስፒቫክ የተባሉ የንብ ተመራማሪ አሉ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህን የጽዳት ጠባይ ያላቸውን ንቦች እየመረጡ ሲያራቡ ኖረዋል። ፈተናው ቀላል ነው። ከእንጀራው ላይ አንድ ክብ ቦታ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዙና በውስጡ ያሉት እጮች ይሞታሉ፤ እንጀራውን ወደ ቀፎው ይመልሱታል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 95ቱን ጠርጎ ያወጣ መንጋ ንጹሕ ይባላል። ስፒቫክ በ2010 የማክአርተር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የስፒቫክና የተማሪዎቻቸው ሌላው ሥራ ስለ ሙጫ ነው። በዚህ ወር በሚሲሲፒ ዳር የተራመደ ሰው ጥጥ የመሰለ ነገር በአየር ላይ ሲንሳፈፍ አይቷል። የኮተንውድ ዛፍ ዘር ነው። በስፕሪንግ ደግሞ ከዚያው ዛፍ ሥር መኪናውን ያቆመ ሰው ከመስታወቱ ላይ የሚያጣብቅ የእንቡጥ ቅርፊት ሲፍቅ ውሏል። እኔ እንኳ ለዓመታት ስረግመው ኖሬያለሁ። ለካስ ንብ ያንን ሙጫ በእግሯ ተሸክማ ትወስደዋለች! ከሰም ጋር አዋህዳ ቀፎዋን ትለስንበታለች፤ ፕሮፖሊስ የሚሉት ነው። አትበላውም። ግድግዳ ላይ ሆኖ ጀርም ይገድላል።

በ2009 ያወጡት ጥናት ግድግዳው ፕሮፖሊስ በተቀባ ቀፎ ውስጥ ባክቴሪያው እንደቀነሰ፣ የንቦቹም የመከላከያ ጂን ትንፋሽ ማግኘቱን አሳየ። ይህ ጥሩ ነገር ነው ወይ? አዎ፣ ጥሩ ነው። ጦር ዘወትር ቢዘምት ስንቅ ይጨርሳል። ግድግዳው ሲጠብቅላት ንቧ ጉልበቷን ለሌላ ታውለዋለች። በ2012 ደግሞ በሻጋታ የተጠቁ መንጋዎች ሙጫ ለቃሚዎቻቸውን እንደሚያበዙ አሳዩ። ጋሼ «ንብ ራሷ ሐኪም ናት» ያሉት እንግዲህ ከሜዳ የተነሳ አይደለም።

ማስታወስስ? እንደኛ ባይሆንም ትንሽ ነገር አላት። አውራዋ የበላችው የጀርም ቁራጭ በፕሮቲን ተሸካሚነት ወደ እንቁላሏ እንደሚያልፍና ልጆቿ ተዘጋጅተው እንደሚወለዱ በ2015 ታወቀ። በዚህ መንገድ የተሠራ አንድ ባክቴሪያን የሚከላከል የንብ ክትባት በ2023 መጀመሪያ ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ጊዜያዊ ፈቃድ አግኝቷል። መርፌ የለውም፤ ለአውራዋ ከምትመገበው ጋር ነው የሚሰጣት። ለቫሮዋ ግን እስካሁን ክትባት የለም።

ታዲያ ጋሼ ተሳስተዋል?

ግማሽ በግማሽ። ቫሮዋ መነሻው እስያ ነው። የእስያ ንብ ከሱ ጋር ረጅም ዘመን ስለኖረች ታውቅበታለች፤ ተባዩ እዚያ የሚራባው በወንዶቹ እጭ ላይ ብቻ ነው። ወደ አውሮፓ ዝርያ ንብ የተሻገረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1987 ሲታወቅ ከተገኘባቸው ግዛቶች አንዷ ጎረቤታችን ዊስኮንሲን ነበረች። የዚህ አገር ንብ ገና አልለመደችውም። በዚያ ላይ ሰው ለብዙ ዘመን የመረጣት ማር የምታበዛ፣ ሙጫ የማታበዛ፣ የማትናደፍ እንድትሆን ነው። ቀፎዋም ለስላሳ ጣውላ ነው፤ ሙጫ የሚሞላው ስንጥቅ የለውም።

የኛዋ ንብ ሌላ ናት። የኢትዮጵያ ንብ ራሷን የቻለች ንዑስ ዝርያ ናት ተብላ በ2011 ስም ወጥቶላታል፤ ስሟም ከስሜን ተራሮች የተወሰደ ነው። ቫሮዋ ኢትዮጵያም ገብቷል። ነገር ግን በ2019 የኢትዮጵያና የቤልጂየም ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ ተባዩ እዚያ እንደልቡ እንደማይራባና መንጋው ያለ መድኃኒት እንደሚኖር ያሳያል። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነችው በነዚሁ ንቦች ነው። የጋሼ አባት ልክ ነበሩ። ጋሼ የሳቱት፣ የአባታቸውን ልክ የማታውቀው ንብ ላይ መጠቀማቸው ነው።

ይህን ሁሉ ቡና ላይ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያው ገደልኳቸው» አሉ።

«ጋሼ፣ ቫሮዋ ነው የገደላቸው። እርስዎ አልቆጠሩም፤ ጥፋትዎ እሱ ብቻ ነው» አልኳቸው።

ዘንድሮ አዲስ መንጋ ገዝተዋል። ቀፎውን ከውስጥ በሽቦ ብሩሽ ፋቅ ፋቅ አድርገው አሻከሩት፤ ሙጫው እንዲይዝ። እኔም ቆጠራውን አብሬያቸው ልሠራ ቃል ገብቻለሁ።

ለቤታችን የሚሆን

ቀፎ ያላችሁ ካላችሁ ቆጠራው እንዲህ ነው። አውራዋ እንጀራው ላይ አለመኖሯን አይታችሁ፣ እጭ ካለበት እንጀራ ግማሽ ኩባያ ንብ፣ ማለትም 300 ገደማ፣ ወንፊት ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ። ሁለት ማንኪያ የዱቄት ስኳር ጨምሩና ቀስ ብላችሁ አንከባሉት። ትንሽ ጠብቃችሁ ነጭ ሰሃን ላይ አራግፉት፤ ተባዮቹ ከስኳሩ ጋር ይወርዳሉ። ቁጥሩን ለሦስት አካፍሉት። ኦገስት ላይ ከመቶ ንብ ሁለት ሦስት ተባይ ከተገኘ ዝም የሚባል አይደለም። ለቫሮዋ የተፈቀዱ መድኃኒቶች አሉ፤ መመሪያቸውን አንብቦ በልኩ መጠቀም ነው። ንቦቹ በስኳር ተነክረው ቢናደዱም ወደ ቀፏቸው ይመለሳሉ፤ እርስ በርስ ይልሷቸዋል።

ቀፎ የሌለን ደግሞ ሌላ እንሥራ። ያበበ ነገር ላይ የነፍሳት መርዝ አንርጭ። ሣሩ ውስጥ የበቀለችውን ነጭ ክሎቨር አንቸኩልባት፤ ለንብ ምግብ ናት። የሚኒሶታ ግዛት ሣርን ወደ አበባ ለሚቀይሩ ነዋሪዎች ወጪ የሚረዳ ሎውንስ ቱ ሌጉምስ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ ጠይቁ። ልጆቻችሁም ይወቁት፦ የግዛታችን ንብ ተብላ በ2019 የተመረጠችው ጀርባዋ ላይ የዝገት መልክ ያላት የዱር ንብ ናት፤ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ ናት።

የመጨረሻው ለእናቶች ነው። ማር ለጉሮሮ፣ ማር ለሳል እንላለን፤ ደግ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጠብታም ቢሆን አትስጡት። በማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር የሕፃኑ አንጀት ገና ስለማይችለው ለከባድ ሕመም ይዳርገዋል። አያቶች «እኛም በማር ነው ያደግነው» ቢሉ በትሕትና አስረዷቸው። ጋሼም የልጅ ልጃቸውን ሊያቀምሱ ሲሉ እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አኩርፈው ነበር፤ አሁን ታርቀናል።

በኦገስት የጋሼን ቀፎ ቆጥረን የሰሃኑን ነገር እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!